ከፊት በር እስከ መነሻ ገጽ

የፋሲል ግንብን የሚከበው የድንጋይ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። በቅጥሩ ላይ አሥራ ሁለት በሮች ይቆጠራሉ፤ ስም የሌለው በር ግን አንድም የለም። ወደ አደባባይ የሚከፈተው ፊት በር ነው፤ ጃን ተከል በርም ይሉታል። ወንበር በር የዳኞቹ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አዛዥ፣ ተዝካሮ በር የተዝካር ነው። እንኮዬ በር የእቴጌ ምንትዋብን እናት ስም ይዟል። የፈታዮቹ አደናግር በር በጥንት ጊዜ ሸማኔዎቹ ከሚኖሩበት ከቅዱስ ሩፋኤል ሰፈር ጋር በድልድይ ይገናኝ ነበር። ሙግት ያለበትም ሆነ ለተዝካር የተጠራ፣ የሚሄድበትን ከበሩ ስም ያውቀዋል። ዛሬ ጎንደርን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ከስልኩ ፊት ነው። ሁለት ሦስት ቃል ጽፎ ጉግልን ይጠይቃል፤ ጉግልም ካነበባቸው ገጾች መርጦ ያቀርብለታል። የአንድን ድርጅት መነሻ ገጽ በዚህ ፍለጋ እንዲገኝ አድርጎ ማዘጋጀት፣ ባለሙያዎቹ ኤስ.ኢ.ኦ. የሚሉት ሥራ፣ በብዙ ሰው ዘንድ ከባሕር ማዶ የመጣ የኮምፒውተር ብልሃት ተደርጎ ይታያል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፈላጊ በሚያውቀው ስም መጠራትና ራስን በራስ ቃል መግለጽ ጎንደር ጥንት የምታውቅበት ሙያ ነበር። ሙያው ከእጇ የወጣው ንብረቷ ሲበተንና ገለጻዋ በሌሎች ብዕር ሲጻፍ ነው። የመነሻ ገጽ ሥራ በትክክል ከተያዘ፣ ያንን ገለጻ ወደ ባለቤቱ የመመለስ ሥራ ነው።

ጎንደር በአፄ ፋሲል እጅ በ1636 ስትቆረቆር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኢትዮጵያ ነገሥታት ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ብዙ ዘመን አሳልፈው ነበር። ተዘዋዋሪው ሰፈርም ሥርዓት ነበረው፤ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ደጀን ተለይቶ ይታወቃል። ቋሚዋ ከተማ ይህንን ሥርዓት በድንጋይና በስም አጸናችው። እጨጌ ቤት የእጨጌው፣ አቡን ቤት የጳጳሱ ሰፈር መሆኑ፣ ቀኝ ቤትና ግራ ቤትም የጭፍራውን አሰላለፍ መከተላቸው አስተርጓሚ አይሻም። ከምጽዋ ወይም ከሰናር ጭኖ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ከተማው ሲደርስ የሚጠይቀው ስም ነበረው፤ የሚጠየቀውም ሰው ያንኑ ስም ያውቀዋል። መገኘት ማለት ይኸው ነው፤ ፈላጊና ተፈላጊ በአንድ ቃል መገናኘታቸው። ይህ አሰያየም ግን ለሁሉም እኩል ደግ አልነበረም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። ስለዚህ ከሰፈሮቹ ስም አንዳንዱ ሰፋሪው ራሱ ያወጣው ሳይሆን የተጫነበት ነው። ስም የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በጎንደር ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ፤ ዛሬም አልተዘጋም።

ከስም ቀጥሎ ወሬ አለ። ከፊት በር ውጭ ባለው አደባባይ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር። ይህ ትእዛዝ ጌጥ አልነበረም። አንድ አዋጅ ነጋሪ የሚደርሰው ድምፁ እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ቃሉን ወደ ወገራ፣ ወደ ደንቢያ፣ ወደ ስሜን ደጋ የሚያደርሰው የሰማው ገበያተኛ ነው። ከብዙ አፍ የተሰማ ነገር ደግሞ ከአንድ አፍ ከተሰማው ይልቅ ይታመናል። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ የተነሡበት ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንድን ገጽ ሌሎች ገጾች በሊንክ ምን ያህል እንደሚጠቁሙት፣ ጠቋሚዎቹም ራሳቸው ምን ያህል የተጠቆሙ እንደሆኑ መቁጠር። ከዚያ በፊት የነበሩት የፍለጋ ሞተሮች በአብዛኛው የሚተማመኑት ገጹ ስለ ራሱ በሚናገረው ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ማንም የማይጠቁመው ገጽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብዙ ሰው ጠቁሞት ውስጡ ባዶ የሆነም ፈላጊውን አያረካም።

በጎንደር ዘመን ራስን በራስ ቃል የመግለጽ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታየው በብራና ላይ ነው። አንድ የግእዝ መጽሐፍ ሲገለጥ ከገጹ አናት ላይ በቀለም የተጠላለፈ ሐረግ አለ፤ ከሐረጉ ሥር የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሥላሴ ስም ነው፤ በዚህ ረገድ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ይህ የማን ድርሳን፣ የየትኛው ቅዱስ ገድል፣ በየትኛው ወር የሚነበብ ተአምር እንደሆነ ቀይ ቀለሙ ሳያልቅ ይነገራል። ያስጻፈው ሰው ስምም በየጸሎቱ መካከል በቀይ ይገባል፤ መጽሐፉ በውርስም ሆነ በሽያጭ እጅ ሲቀይር የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካበታል። ጸሐፊው ቀይ ቀለም ውድ መሆኑን፣ ሁሉም መስመር ቀይ ቢሆን ደግሞ ምንም እንደማይለይ ያውቃል። ስለዚህ የሚያኖረው አንባቢ ዓይኑን በሚጥልበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ከአንድ ድረ ገጽ ጀርባ ባለው ኮድ ውስጥ ታይትል የሚባል አንድ መስመር አለ፤ በጉግል ውጤት ላይ ብዙውን ጊዜ በትልቁ ተጽፎ የሚታየው እርሱ ነው። ብዙ መነሻ ገጾች በዚህ መስመር ላይ “መነሻ” ወይም “እንኳን ደህና መጡ” ብለው ያቆማሉ፤ አክብሮቱ መልካም ነው፣ ነገር ግን ከሥላሴ ስም በኋላ ምንም ሳይጽፍ ብራናውን የዘጋ ጸሐፊ በጎንደር አልነበረም።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ከተማ እንዴት በሌላ ሰው ቃል የሚፈለግ ሆነ? መልሱ በአብዛኛው ከእነዚሁ መጻሕፍት ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄደ፤ ሊቃውንቶቻችን ለዘመናት ያነበቡት መጽሐፍ በአውሮፓ “የተገኘ” ተብሎ ተጻፈ፣ በ1821ም ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ አሳተመው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸውን 234 የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 ፓሪስ ላይ አወጣ። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአድባራቱ የወሰዷቸውን መጻሕፍት በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማቿቸው። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ የተዘረፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1877 ዊሊያም ራይት ዝርዝራቸውን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ራይት ትልቅ ሊቅ ነበር፤ ዝርዝሩ ዛሬም በየተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ አለ። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ አንድ የጎንደር ደብር መጽሐፍ፣ የደብሩ ስምና ያስጻፈው ሰው ስም በውስጡ ተጽፎ እያለ፣ የሚጠራው “ኦሪየንታል” በሚል ቃልና በመደርደሪያ ቁጥር ሆነ። ቁጥሩን የማያውቅ፣ ደብሩ ደጃፍ ላይ ቢወለድም፣ መጽሐፉን አያገኘውም። በ1932 የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል የጉዞ ቡድን ጎንደር ከርሞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ቅጂ ተክቶ ሲሄድም፣ ሥዕሎቹ ፓሪስ ላይ የሚገለጹት በፈረንሳይኛ ነው።

ገለጻው ከአገር ሰው እጅ ሲወጣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ደግሞ በተቃራኒው ምሳሌ ይታያል። በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ የፊልሙ ቅጂ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየም የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ዝርዝሩን ለብዙ ዓመታት ከሠሩት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የመጽሐፉን ሙያ ከውስጥ የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ በኅዳግ ላይ የተጣፈ የመሬት ስጦታ ማስታወሻ፣ የተፋቀ ስም፣ የመልክእ ግጥም ሳይቀር እየለዩ መዘገቡ። ያ ዝርዝርም በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን የሚፈለገውን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ስለሆነ ፈላጊውን ያደርሳል። ልዩነቱ ከቋንቋው በፊት የእውቀቱ ነው። ገጽን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ኮድ ይግባ ብሎ ሳይሆን፣ የሚፈልገን ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው ብሎ ነው።

በ1960ዎቹ ቱሪዝም ሲጀመር ስም የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። የቱሪዝም ኃላፊው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ “የ13 ወር ፀጋ” ብለው አገሪቱን ሲያስተዋውቁና ጎንደርን ከአክሱም፣ ከላሊበላና ከባሕር ዳር ጋር በታሪካዊው መስመር ሲያገናኟት የራስን ገለጻ በራስ ብዕር መጻፍ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በ1978 ስሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ቁጥር 9፣ በ1979 ደግሞ ግንቡ ቁጥር 19 ሆኖ ሲመዘገብ ግን፣ መዝገቡ የያዘው ስም “ፋሲል ግቢ” ነው፤ ያውም በላቲን ሲጻፍ ከተለመደው የአጻጻፍ መንገድ ወጣ ባለ ሆሄ። የጎንደር ሰው ግን የሚለው የፋሲል ግንብ ነው። የታክሲ ሾፌሩም ተማሪውም ከአዲስ አበባ ለጥምቀት የሚወጣውም እንዲሁ ይላሉ። አስጎብኚዎችና ሆቴሎች ድረ ገጽ ሲከፍቱ በብዛት የወሰዱት የመዝገቡን ስም ነው፤ ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ከገጻቸው ላይ ጠፋ። በዚህ መንገድ ጎንደሬው ፈላጊ ግንቡን በራሱ ቃል ሲፈልግ የጎንደሩን ድርጅት አያገኘውም።

በዚያ ላይ የፊደሉ ችግር ተጨመረ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው፤ ግእዝ ፊደል ደግሞ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። በዓይን ሲታይ ጥርት ያለ አማርኛ የሆነው ጽሑፍ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። የፍለጋ ሞተር ደግሞ ዓይን የለውም፤ የሚያነበው ያንን ክምር ነው። ብዙዎች ከዚህ ለማምለጥ ጽሑፉን ፎቶ አድርገው መለጠፍ ለመዱ፤ ለአንባቢ በቂ ነበር፣ ለፈላጊ ግን ባዶ ገጽ ነው። ዩኒኮድ ከወጣ በኋላም ፎንቱ በየሰው ኮምፒውተር እስኪገባ ዓመታት ወሰደ፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው በ2007 ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ጎንደር በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ የተጻፈው እየተከማቸ፣ በሊንክ እየተያያዘና እየተጠቀሰ ሥር ሰደደ። የአማርኛው ክፍተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ መሣሪያው ዘግይቶ የመጣ ነው። መሣሪያው ከመጣ በኋላ ግን ልማዱ አልተለወጠም፤ ዛሬም በፎቶ ላይ የተጻፈ አማርኛ የጫነ መነሻ ገጽ ማየት የዘወትር ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን የተተከለውን፣ በ1888 ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንውሰድ። “ብርሃን” በሃም በሀም ይጻፋል፤ “ሥላሴ” በሠም በሰም ይጻፋል። ሁለቱ ሲባዙ አንድ ቤተ ክርስቲያን አራት አጻጻፍ አለው ማለት ነው። “ጎንደር” ራሷ በጎም በጐም ትጻፋለች፤ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ነው፣ በዩኒኮድ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የፍለጋ ሞተሮች ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት ማቻቻል ተምረዋል፤ በአማርኛ ግን በእነርሱ ላይ ተማምኖ መተኛት አይገባም። ሌላም አለ፤ ደብረ ብርሃን ብሎ የጠየቀውን ሰው ሞተሩ ወደ ሰሜን ሸዋዋ ከተማ ሊወስደው ይችላል፤ ስለዚህ በመነሻ ገጹ ርዕስ ላይ “ጎንደር” የሚለው ቃል መቅረት የለበትም። ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው በጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ነው፤ ገጹም የሚጀምረው በዚያ ፎቶ ነው። ከፎቶው ጋር በኮዱ ውስጥ “የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክት ጣሪያ፣ ጎንደር” የሚል አንድ መስመር ካልገባ ግን ሞተሩ ስለ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ በእጅጉ ይጠብበታል። ወደ ደጋው ስንወጣም እንዲሁ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ የሚነሡት አስጎብኚዎች ተራራውን ስሜን ይሉታል፣ ሌላው ሰሜን ብሎ ይጽፈዋል፤ ሰሜን ደግሞ አቅጣጫም ነው። ራስ ዳሸን ራስ ደጀንም ይባላል። በመነሻ ገጹ ርዕስ ላይ “በደባርቅ የስሜን ተራሮች አስጎብኚዎች፤ በቅሎ፣ ስካውትና ምግብ አብሳይ” ብሎ የጻፈ፣ በመጀመሪያውም አንቀጽ ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን ጠቅሶ፣ ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ አንድ ቦታ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ያስገባ፣ “መነሻ” ብሎ ካቆመው ይልቅ ለፈላጊው የቀረበ ነው።

የሚነሣ የመጀመሪያ ተቃውሞ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ነው፣ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ የእንግሊዝኛ ገጽ አያስፈልግም የሚል የለም። ነገር ግን ተቃውሞው ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛ መስክ ላይ የጎንደሩ ትንሽ ሆቴል የሚወዳደረው ከዓለም ትልልቅ የጉዞ ድርጅቶች ጋር ነው፤ እነርሱ ከሃያ ዓመት በላይ ያከማቹትን ሊንክ በአንድ ገጽ ማለፍ አይችልም። በአማርኛ ግን ሜዳው ገና ክፍት ነው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ያለው ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ጽሑፍ ሲሆን የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነው። ሁለተኛ፣ በጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከዲያስፖራ የሚመጣውም ጭምር። ከኮቪድ ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የከተማዋን አልጋ የያዘው ይህ እንግዳ ነው፤ በገጹ ላይ ግን ራሱን በቋንቋው አያገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጣቶች የሚመጣ ነው፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው፣ ድረ ገጽ ማን ይከፍታል ይላሉ። ቴሌግራም ለሚያውቅህ ደንበኛ ጥሩ ነው፤ ለማያውቅህ ግን ስምህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዛሬ የለጠፍከው ነገ ከአዲሱ ሥር ይቀበራል፤ ዋጋህን፣ መንገድህን፣ አድራሻህን የሚፈልግ ሰው ወደ ላይ እየሳበ ሊቆፍር አይገባም። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ በየቻናሉ መልስ የሚሰጠው ሰው ከመስመር ወጣ። በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ መነሻ ገጽ ግን ባለቤቱ ባይደርስበትም ለውጭው ፈላጊ ይነበባል። ለዲያስፖራው በዚያን ጊዜ የከተማዋ ቃል ሆኖ የሚያገለግለው እርሱ ነበር፤ ብዙ ድርጅቶች ግን እንዲህ ያለ ገጽ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። ሰው ከእንግዲህ ገጽ አይከፍትም፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለውን ጠይቆ መልሱን ይወስዳል፣ ስለዚህ የመነሻ ገጽ ሥራ ዘመኑ አልፏል የሚል። መልስ ሰጪው ማሽን ግን የሚናገረውን በአብዛኛው የሚቀዳው ከተጻፈው ነው። ስለ ጎንደር የተጻፈው በአብዛኛው በውጭ ሰው እጅ ከሆነ፣ ማሽኑ በአማርኛ ሲመልስም የውጩን ሰው እይታ ተርጉሞ ነው የሚያቀርበው። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅት የእንግሊዝኛውን ገጽ በማሽን አስተርጉሞ እንደ አማርኛ ገጽ ማቆም ጀምሯል። ይህ ከራይት ዝርዝር ወደ ባሰ ይወስደናል፤ ራይት ቢያንስ መጽሐፉን አንብቦ ነበር። ሰው የጻፈው ንጹሕ አማርኛ፣ ጥቂት አንቀጽ ቢሆንም፣ ለነገው መልስ ሰጪ ማሽንም የሚተርፍ ስንቅ ነው።

ሥራው ማታለል ነው ብለው የሚሸሹትም አሉ። ድሮ እውነትም ማታለል ነበረበት፤ በገጹ ግርጌ በማይታይ ቀለም አንድን ቃል መቶ ጊዜ የሚደግም፣ በኮዱ ውስጥ የቁልፍ ቃል ዝርዝር የሚያጭቅ ነበር። ጉግል ያንን የቁልፍ ቃል መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል፤ ቃል መደጋገምና ሊንክ መግዛትም ዛሬ ገጹን ወደ ኋላ ይጥለዋል። የቀረው ቀላልና ሐቀኛው ሥራ ነው፤ የሚፈለገውን ስም በርዕሱ ላይ መጻፍ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ ምን፣ የት እንደሆነ በእውነት መናገር፣ ፎቶን መሰየም፣ ገጹን በደካማ የሞባይል መረብ ላይ እንዲከፈት ማቅለል። የመጨረሻው በተለይ እዚህ አገር ግድ ነው። ጉግል በ2016 ባስታወቀው አሠራር ገጽን የሚመዝነው በሞባይል በሚታይበት መልኩ ነው፤ የእኛም ፈላጊ የያዘው ስልክ ነው። ግንቡን በትልቅ ቪዲዮ ከፍቶ የሚያስደምም ገጽ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆሞ መኝታ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋ በር ነው።

ከሁሉም በፊት መደረግ ያለበትም ከከተማዋ አቅም በላይ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ተማሪዎቹ በየገጠሩ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ለመመረቂያ ሥራቸው የማይታወቅ ምናባዊ ሱቅ ከመሥራት ይልቅ የአርባ አራቱን ታቦት አድባራት አንድ በአንድ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ደብር አንድ ገጽ፣ በአማርኛ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ፤ የደብሩ ስም በሚጻፍበት ሁሉ፣ ማን እንዳሠራው፣ ንግሡ መቼ እንደሆነ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደሚገኝ፣ ከደብሩ ወጥቶ በለንደን ወይም በፓሪስ ያለ መጽሐፍ ካለም ከነመደርደሪያ ቁጥሩ። ጽሑፉን የደብሩ አለቃና መሪጌታው ያንብቡት፣ ያርሙት። የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ የፒያሳ ሆቴሎች፣ የቅዳሜ ገበያ ሸማ ነጋዴዎችም ወደ እነዚህ ገጾች ይጠቁሙ፣ ገጾቹም ወደ እነርሱ። ከተማ አስተዳደሩ ከሚያሳትመው የቀለም ብሮሹር ወጪ ጥቂቱን ለዚህ ቢመድብ ይበቃል። በእያንዳንዱም ገጽ ላይ አድራሻው ከነስልክ ቁጥሩ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ስልኩም የሚነሣ ይሁን።